ከደጋው እስከ ሃይፋ፦ የባህር ዳርቻ አሸዋ ሒሳብ

በዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን የምናነሳው የባህር ዳርቻ አሸዋን ነው፤ ከየት እንደሚመጣ፣ ምን እንደሚያጓጉዘው፣ ለምንስ አንዱ ዳርቻ እየሰፋ ሌላው እየጠበበ እንደሚሄድ። ባህር ዳር የሚኖር ሰው መሬቱ ሲሸረሸር «ባህሩ በላው» ይላል። አባባሉ የሚታየውን በትክክል ይገልጻል፤ የነገሩን ሥር ግን ይሸፍናል። ዛሬ አሸዋውን የሚወስደው ሞገድ ትናንት አሸዋውን ያመጣው ያው ሞገድ ነውና። አብዛኛውን ጊዜ የሚለወጠው ሞገዱ ሳይሆን ከአንድ ወገን የሚገባው የአሸዋ መጠን ነው። ስለዚህ የዛሬው ሙግታችን ይህ ነው፦ ዳርቻ የሚጠበው በአብዛኛው ባህሩ ስለበረታ ሳይሆን የሚወጣው አሸዋ ከሚገባው ስለበለጠ ነው፤ መነሻውንም መፈለግ ያለብን አሸዋው በጠፋበት ቦታ ሳይሆን አሸዋው ይመጣበት በነበረው መንገድ ላይ ነው።

ለዚህ ማስረጃ አድርገን የምናቀርበው ከግብጿ እስክንድርያ በስተምሥራቅ ከናይል አፍ ተነስቶ፣ በሰሜን ሲና፣ በጋዛና በእስራኤል በኩል አልፎ፣ እስከ ሃይፋ ባህረ ሰላጤ የሚዘረጋውን ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ ዳርቻ ነው። ይህን ዳርቻ ተመራማሪዎች ለብዙ አሥርት ዓመታት ሲለኩትና ሲያጠኑት ኖረዋል። ከእኛም ጋር እውነተኛ ግንኙነት አለው፤ ከአሸዋው የተወሰነው ክፍል ከኢትዮጵያ ደጋ ተነስቶ የሄደ ነው። በአሽቀሎን፣ በአሽዶድና በናታንያ የሚኖሩ በርካታ ቤተ እስራኤላውያን ወገኖቻችን በሚረግጡት አሸዋ ውስጥ ከጎጃምና ከሰሜን ተራሮች ተሸርሽሮ የሄደ የድንጋይ ቅንጣት አለ። በዝግጅታችን የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ሞገድ ራሱ ምን እንደሚያደርግ እንመልከት። በጥልቅ ባህር ላይ ሞገድ ሲያልፍ የሚጓዘው ውኃው ሳይሆን ቅርጹና ጉልበቱ ነው። ውኃው እዚያው ባለበት ክብ እየሠራ ይዞራል፤ ክቡም ወደ ታች በተወረደ ቁጥር እያነሰ ሄዶ የሞገዱን ርዝመት ግማሽ በሚያህል ጥልቀት ላይ ከሞላ ጎደል ይጠፋል። ርዝመት ስንል ከአንዱ ሞገድ ጫፍ እስከ ተከታዩ ጫፍ ያለውን ርቀት ማለታችን ነው። በየ8 ሰከንዱ የሚደርስ ሞገድ በጥልቅ ውኃ ላይ 100 ሜትር ያህል ርዝመት አለው፤ ስለዚህ የባህሩን ወለል መንካት የሚጀምረው ጥልቀቱ 50 ሜትር ገደማ ሲሆን ነው። ወደ ዳር እየቀረበ ሲመጣ ክቡ ይጨፈለቅና ወለሉ ላይ ወደፊትና ወደኋላ የሚመላለስ እንቅስቃሴ ይሆናል፤ አሸዋውንም ማነቃነቅ ይጀምራል። ከዚያ የሞገዱ ፍጥነት ይቀንሳል፣ ርዝመቱ ያጥራል፣ ቁመቱ ይጨምራል፤ ቁመቱ ከውኃው ጥልቀት ሦስት አራተኛ ያህል ሲሆን ደግሞ ይሰበራል። አሸዋ ከወለሉ በብዛት የሚነሳው እዚህ የመሰበሪያው ቀጠና ውስጥ ነው። የሞገድ ቁመት እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል፤ እናም የአንድ ቀን ማዕበል የብዙ ጸጥተኛ ቀናትን ሥራ ሊሠራ ይችላል። ጸጥተኛውም ቀን ቢሆን ሥራ አይፈታም። በየ8 ሰከንዱ የሚመጣ ሞገድ በአንድ ቀንና ሌሊት ወደ 11 ሺህ ጊዜ ያህል ዳርቻውን ይመታል።

አሁን አንዲት የአሸዋ ቅንጣት እንከተል። ሞገድ ብዙ ጊዜ ዳርቻውን ቀጥ ብሎ አይመታም፤ ትንሽ ሰያፍ ሆኖ ይመጣል። የተሰበረው ሞገድ አረፋ ለብሶ ተዳፋቱን ሲወጣ ቅንጣቷን ይዟት በሰያፍ ይወጣል። ጉልበቱ ሲያልቅ ግን ውኃው የሚመለሰው የመሬት ስበት እንዳዘዘው በቀጥታ ቁልቁል ነው። ቅንጣቷ ከተነሳችበት ቦታ ትንሽ ወደ ጎን ፈቀቅ ብላ ታርፋለች። ተከታዩ ሞገድ ደግሞ እንደገና ያነሳታል፤ እንደገና ፈቀቅ ትላለች። ከዳሩ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ሞገዱ በሚሰበርበት ቀጠና ውስጥ፣ ይኸው ሰያፍ ግፊት ከዳርቻው ጎን ለጎን የሚፈስ ጅረት ይፈጥራል። እንግዲህ አሸዋን የሚያንቀሳቅሰው ሞገድ ነው ወይስ ጅረት ለሚለው ጥያቄ መልሱ ሁለቱም ነው፤ የሥራ ክፍፍል አላቸው። አብዛኛውን ጊዜ ጅረቱ ለብቻው አሸዋውን ከወለሉ ለማንሳት ጉልበት ያንሰዋል፤ ሞገዱ ያነሳዋል፣ ጅረቱ ይወስደዋል። በሜዲትራኒያን ምሥራቅ ዳርቻ ይህ የበለጠ ጎልቶ ይታያል፤ ምክንያቱም እዚያ የባህሩ ከፍታ በጨረቃ ስበት ሳቢያ የሚወጣውና የሚወርደው በጥቂት አሥር ሴንቲ ሜትሮች ብቻ ስለሆነ ዋናው ሠራተኛ ሞገዱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሳል። በአንድ ሌሊት ማዕበል ሰፊ ዳርቻ ሲጠፋ በዓይናችን እያየን እንዴት ባህሩ አልበላውም ይባላል? የሚታየው እውነት ነው፤ ነገር ግን አሸዋው ሩቅ አልሄደም። የማዕበል ሞገዶች አሸዋውን ከዳሩ ጠርገው ትንሽ ገባ ብሎ ውኃ ውስጥ እንደ ረጅም ጉብታ ይከምሩታል። ይህ ጉብታ ራሱ ተከታዮቹን ሞገዶች ከዳሩ ርቀው እንዲሰበሩ ስለሚያደርግ ለዳርቻው ጋሻ ይሆናል። ማዕበሉ ካለፈ በኋላ ዝቅ ያሉትና የረዘሙት ሞገዶች በሳምንታትና በወራት ውስጥ ያንኑ አሸዋ ቀስ እያሉ ወደ ዳር ይመልሱታል። በሜዲትራኒያን ማዕበል የሚበዛው ዝናብና ብርድ በሚሆንባቸው ከኅዳር እስከ መጋቢት ባሉት ወራት ነው፤ ዳርቻውም በእነዚህ ወራት ይጠባል፣ በሞቃቱ ወራት ደግሞ ይሰፋል። ስለዚህ የጥር ፎቶግራፍን ከነሐሴ ፎቶግራፍ ጋር አስተያይቶ «ዳርቻው ጠፋ» ማለት ስህተት ነው። መለካት ያለበት በተመሳሳይ ወቅት፣ ከዓመት ዓመት፣ የውኃ ውስጡም ጭምር ነው። ወደ ዳርና ወደ ውስጥ የሚመላለሰው አሸዋ ይመለሳል፤ ከዳርቻው ጎን ለጎን የሄደው ግን ከኋላው ሌላ ካልመጣ በቀር አይተካም። ክርክራችን የሚያተኩረው በዚህ በሁለተኛው ላይ ነው።

ታዲያ በዚህ መንገድ የሚጓዘው አሸዋ መነሻው የት ነው? ከግድቦቹ በፊት ናይል በየዓመቱ ከ100 ሚሊዮን ቶን በላይ ደለል ወደ ግብፅ ያወርድ ነበር፤ ከዚህ ውስጥ ከመቶ ዘጠናው በላይ በዓባይና ተከዜ በሚፈስበት በአትባራ በኩል የሚሄድ የኢትዮጵያ ክረምት ጎርፍ ሥራ ነው። ከደለሉ አብዛኛው ጭቃ ነው። ጭቃና አሸዋ ግን ባህር ሲደርሱ ይለያያሉ። የአሸዋ ቅንጣት በሰከንድ ሴንቲ ሜትሮችን እየሰመጠ ወዲያው ወለል ላይ ያርፋል፤ ደቃቁ ሸክላ አፈር ደግሞ ሞገድ በሚያናውጠው ውኃ ውስጥ ማረፊያ ስለማያገኝ ተንሳፍፎ ወደ ጥልቁ ይሄዳል። በዚህ የተነሳ የገበሬው ለም አፈር ዳርቻው ላይ አይገኝም፤ ከፊሉ የግብፅን ማሳ ሠርቷል፣ የቀረው ጥልቅ ባህር ወርዷል። ዳርቻ ላይ የሚቀረው የሞገድን ወንፊት ያለፈው ጠጣሩ ነው። ይህ ማጣራት በዓይን ይታያል። በናይል አፍ አካባቢ ባለው ዳርቻ ላይ፣ በተለይ ማዕበል ካለፈ በኋላ፣ ቢጫው አሸዋ ላይ ጥቁር ሰንበር ተስሎ ይገኛል። ከዚያ ሰንበር አንድ እፍኝ ወስዶ አድርቆ ማግኔት ቢያስጠጉበት ማግኔታይት የሚባሉት ጥቁር ቅንጣቶች ዘለው ይጣበቃሉ። በክብደታቸው ከነጩ ኳርትዝ እጥፍ የሚጠጉ ስለሆኑ ሞገዱ ቀላሉን ኳርትዝ ጠርጎ ሲወስድ እነርሱ ወደ ኋላ ይቀራሉ። ግብፅ በቡሩሉስ አካባቢ ይህን ጥቁር አሸዋ ለማዕድን ታመርተዋለች።

ከጥቁሮቹ ቅንጣቶች መካከል ፓይሮክሲን የሚባለው ማዕድን የትውልድ ቦታውን በግልጽ ይናገራል፤ የኢትዮጵያን ደጋ የሸፈነው እሳተ ገሞራ ወለድ ባዛልት፣ እኛ በየቤታችን ግድግዳና በየአጥራችን የምናውቀው ጥቁር ድንጋይ፣ ዋና ምንጩ ነው። ነጩ ኳርትዝ ግን ከባዛልት አይወጣም። ምንጩ ከባዛልቱ በታች በዓባይ ሸለቆ ተነባብሮ የሚታየው ጥንታዊ የአሸዋ ድንጋይ፣ በሱዳንና በግብፅ በረሃዎች ያለው ተመሳሳይ ድንጋይ፣ ሌሎችም ያረጁ አለቶች ናቸው። ስለዚህ የሃይፋ አሸዋ ሁሉ የኢትዮጵያ ነው ማለት ማጋነን ይሆናል። የኢትዮጵያ ክረምት ጎርፍ ግን ያን ሁሉ ጭነት ወደ ባህር ለመግፋት ዋናው ጉልበት ነበር ማለት በማስረጃ የቆመ ነው።

ናይል ወደ ባህር የሚገባባቸው ሁለቱ አፎች ራሺድና ዱምያት ላይ መሬቱ ወደ ባህሩ ሹል ሆኖ የወጣ ነው። ይህ ሹል መሬት የተፈጠረው ወንዙ የሚያወርደው አሸዋ ሞገዱ ሊያነሳው ከሚችለው በላይ በነበረባቸው ዘመናት ነው። በጥንት ዘመን ናይል ሰባት አፎች እንደነበሩት የግሪክ ጸሐፊዎች መዝግበዋል፤ አምስቱ ቀስ በቀስ ደለል ሞልቷቸው ደርቀዋል። አንዱ ቅርንጫፍ ሲዳከም የሠራው ሹል መሬት ምን እንደሚሆን ቡሩሉስ አካባቢ ይታያል፤ ወንዙ ማቀበሉን ሲያቆም ሞገዱ መሬቱን ሸርሽሮ አሸዋውን ወደ ምሥራቅ አጓጓዘው። ይህ ከማንኛውም ዘመናዊ ግድብ በፊት የሆነ ነው። ሞገዱ በሁለቱም ዘመን ያው ነበር፤ የተለየው የወንዙ አቅርቦት ነው።

ወደ ዘመናችን ስንመጣ የመጀመሪያው የአስዋን ግድብ በ1902 ተጠናቀቀ፤ ከፍተኛው ግድብ ደግሞ በ1964 ውኃ መያዝ ጀምሮ በ1970 አለቀ። ከዚያ ወዲህ የናይል ደለል በሙሉ ማለት ይቻላል የሚቀረው ከግድቡ ጀርባ ባለው ናስር ሐይቅ ውስጥ ነው። ራሺድ ላይ የነበረው ሹል መሬት በአንዳንድ ዓመታት ከ100 ሜትር በላይ እየሸሸ በሃያኛው ክፍለ ዘመን ውስጥ ኪሎ ሜትሮችን አጣ። እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ አለ፤ የራሺድ ዳርቻ መሸሽ የጀመረው በ1900 አካባቢ ነው፣ ከፍተኛው ግድብ ደግሞ ከስድሳ ዓመት በኋላ ነው የተሠራው፤ ታዲያ ግድቡ እንዴት ተጠያቂ ይሆናል የሚል። ተቃውሞው ልክ ነው፤ ግድቡ ብቸኛው ምክንያት ነው የሚለውንም ያፈርሳል። የወንዙ ጎርፍ በዚያ ዘመን ቀንሶ ነበር፤ ወንዙም ለመስኖ ተብሎ በልዩ ልዩ ግንባታዎች መገራት ጀምሮ ነበር። ነገር ግን ይህ ሙግታችንን ያጠናክረዋል እንጂ አያዳክመውም። በ1900 አካባቢ አቅርቦቱ ሲቀንስ መሸሹ ጀመረ፤ ከ1964 በኋላ አቅርቦቱ ሲቋረጥ መሸሹ ተፋጠነ። ምክንያትና ውጤት በመጠን ሲከታተሉ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ከተፈጥሮ አይጠበቅም።

ሌላው ተቃውሞ የባህር ከፍታ መጨመርን የሚያነሳ ነው። ዓለም እየሞቀ ባህሩ እየጨመረ ነው፤ ናይል በባህሩ አፍ ላይ በደለል የሠራው የደልታው መሬትም በራሱ ክብደት እየሰመጠ ነው፤ ይህ ሁሉ እውነት ነው፣ ለወደፊቱም ከባድ አደጋ ነው። ሆኖም ጭማሪው በዓመት በሚሊ ሜትር የሚለካ ነው፤ በዓመት 100 ሜትር የሚሸሽን ዳርቻ ብቻውን ሊያስረዳ አይችልም። የበለጠ የሚያሳምነው ግን የዳርቻው ቅርጽ ነው። ራሺድና ዱምያት ሲሸረሸሩ በመካከላቸው ያሉት ጎድጓዳ ዳርቻዎችና ከዱምያት በስተምሥራቅ ያለው ቀጭን የአሸዋ ምላስ አድገዋል። ባህር ከፍ ብሎ ቢሆን ኖሮ ሁሉም ይሸሹ ነበር። አንዱ ሲከሳ ሌላው የሚሰባው አሸዋው ስለተሸጋገረ ነው።

አሁን አሸዋውን እስከ መጨረሻው እንከተለው። ሞገዱ በአብዛኛው ከሰሜን ምዕራብና ከምዕራብ ስለሚመጣ በግብፅና በሲና ዳርቻ አሸዋውን ወደ ምሥራቅ ይነዳዋል። ከሲና ጫፍ በኋላ ዳርቻው ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይታጠፋል፤ በጋዛና በአሽቀሎን በኩልም ጉዞው ወደ ሰሜን ይቀጥላል። ወደ ሰሜን በሄድን ቁጥር ግን ዳርቻው ይበልጥ ወደ ሰሜን ስለሚቀና ሞገዱ ሰያፍ መሆኑ ይቀርና ወደ ቀጥታ ይጠጋል፤ ከምዕራብ የሚመጡት የብርድ ወራት ማዕበሎች አሸዋውን ወደ ሰሜን ሲገፉት ከሰሜን ምዕራብ የሚመጡት ሞገዶች መልሰው ወደ ደቡብ ይገፉታል። በዚህም የተጣራው ጉዞ እየደከመ ይሄዳል፤ መንገድ ላይም ነፋስ ከዳርቻው አንስቶ በጋዛ፣ በአሽቀሎንና በአሽዶድ አካባቢ የሚታዩትን የአሸዋ ኮረብታዎች ሠርቷል። የቀረው ሃይፋ ባህረ ሰላጤ ገብቶ ያርፋል። ከአኮ በስተሰሜን የናይል ኳርትዝ ጠፍቶ ዳርቻው በአብዛኛው የባህር እንስሳት ዛጎል ስብርባሪ ይሆናል። አሸዋው ምልክት ይዞ ስለሚጓዝ የጉዞው መጨረሻ በእጅ ተነስቶ የሚታይ ነው።

እዚህ ላይ አስተዋይ አድማጭ ሊጠይቅ ይችላል፤ ናይል ማቀበል ካቆመ ስድሳ ዓመት ካለፈው የእስራኤል ዳርቻዎች ለምን በዚያው ልክ አላለቁም? መልሱ ደልታው ራሱ ነው። ወንዙ በሺህ ዓመታት ያከማቸው ጎተራ ነው፤ ከምርት መቋረጥ በኋላ ሞገዱ ከጎተራው እየዛቀ ማቀበሉን ቀጥሏል። ራሺድ ያጣችው መሬት ለምሥራቁ ዳርቻ ቀለብ ሆኗል። በእስራኤል በየቦታው የታየው መሸርሸር በአብዛኛው በቅርብ ባሉ ሥራዎች የመጣ ነው። በመጀመሪያ እስከ 1960ዎቹ ድረስ ለግንባታ ተብሎ ብዙ አሸዋ ከዳርቻው ይዛቅ ነበር፤ ጉዳቱ ሲታወቅ ተከለከለ። ቀጥሎ ወደቦች መጡ። በ1965 ሥራ የጀመረው የአሽዶድ ወደብ ሞገድ የሚሰብር ረጅም ግንብ ወደ ባህሩ ሲያስገባ አሸዋው በሚመጣበት በደቡብ በኩል ተከማቸ፤ በሰሜን በኩል ያለው ዳርቻ ግን ቀለቡ ጎደለበት። አንድ ግንብ፣ አንድ ዓይነት ሞገድ፣ በሁለቱ ጎኖቹ ሁለት ተቃራኒ ውጤት።

ሰዎች ለዚህ መጀመሪያ የሚሰጡት መልስ ድንጋይ መደርደር ነው። ግብፅ በ1990 አካባቢ ራሺድ ላይ ትላልቅ የባህር ግንቦች ሠርታ የሹሉን መሬት መሸሽ ገታች። ከተማና እርሻ ላለበት ቦታ ይህ አስፈላጊ እርምጃ ነበር፤ አንኮንነውም። ነገር ግን ግንብ መሬቱን ይይዛል እንጂ ሞገዱን አያጠግበውም፤ መሸርሸሩ ወደ ግንቡ ጫፎች ተሸጋግሯል፣ ከጎተራው ይወጣ የነበረው አሸዋም ቀንሷል። ቴል አቪቭ ላይ ከዳሩ ራቅ ብለው በውኃ ውስጥ የቆሙት ግንቦች ከኋላቸው ጸጥ ያለ ውኃ ፈጥረው አሸዋ እንዲከማች አድርገዋል፤ ዋናተኞች የሚወዱት ሰፊ ዳርቻ ተገኝቷል። እዚያ ያረፈው አሸዋ ግን ወደ ሌላ ዳርቻ ሊሄድ የነበረ ነው። በእኛ እምነት የአንድን ግንብ ጥቅም ከፊቱ ባለው ዳርቻ ብቻ መመዘን አያስኬድም።

ብዙ አድማጮቻችን የህዳሴውን ግድብ እንደሚያነሱ እናውቃለን። በ2025 የተመረቀው ይህ ግድብ ደለል ይይዛል፤ ታዲያ የሜዲትራኒያንን ዳርቻ አይጎዳም ወይ? ያ ደለል ከዚህ ቀደምም አስዋንን አያልፍም ነበር። አሁን በህዳሴው ሐይቅ የሚቀረው ቀድሞ በሱዳኑ ሮዛሪስና በናስር ሐይቅ ይቀር የነበረው ነው። ዳርቻው ቀለቡን ያጣው በ1964 ስለሆነ ዛሬ ከላይ የሚያዘው አሸዋ ከዳርቻው ላይ የሚቀንሰው ነገር የለም። በደጋው የሚጠረገው አፈር የሚያሳስበው የገበሬውን ማሳና የግድቦቹን ዕድሜ እንጂ የባህሩን ዳርቻ አይደለም።

መፍትሔውስ? አሸዋው የሚጓዝ ከሆነ መንገዱን የዘጋ ግንባታ አሸዋውን ማሻገር አለበት። በአውስትራሊያ ጎልድ ኮስት ከ1986 ጀምሮ ከአንድ የወንዝ አፍ ደቡባዊ ጎን አሸዋ በፓምፕ እየተሳበ በቧንቧ ወደ ሰሜኑ ዳርቻ ይሻገራል፤ መጠኑ በአማካይ በዓመት ግማሽ ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ነው። ኔዘርላንድስ ደግሞ በ2011 በአንድ ቦታ ላይ 21 ሚሊዮን ተኩል ሜትር ኩብ አሸዋ ከባህር ወለል አውጥታ ዳር ላይ ከመረች፤ ሞገዱና ጅረቱ ራሳቸው ለግራና ቀኝ ዳርቻዎች እንዲያከፋፍሉት ነው። ይህን የሚቃወሙ ወጪው ማለቂያ የለውም ይላሉ። እውነት ነው፣ ፓምፑ ከቆመ አሸዋውም ይቆማል። ነገር ግን ወደቡም ገቢ የሚያስገባው በየዓመቱ ነው። አሸዋውን ማሻገር እንደ መርከብ መግቢያው ጠረጋ ሁሉ የወደቡ የዓመት በጀት ውስጥ መግባት ይኖርበታል፤ ካልገባ ወጪው አይቀርም፣ የሚከፍለው ግን በሰሜን በኩል ቤቱ ወይም ማሳው የሚሸረሸርበት ሰው ይሆናል።